የማይደጋገመው ግድግዳ፦ ለሕክምና ማዕከል አዳራሽ ስለሚታሰብ ጄነሬቲቭ አርት

ጥያቄ፦ «አርክቴክት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገነባ የሕክምና ማዕከል የመግቢያ አዳራሽ ንድፍ እየሠራሁ ነው። ባለቤቶቹ በዋናው ግድግዳ ላይ ከተፈጥሮ የተቀዳና የማይደጋገም ዲጂታል ሥነ ጥበብ እንዲኖር ጠይቀዋል። አንድ አቅራቢ ያመጣልን ሐሳብ ግን በትልቅ ኤልኢዲ ስክሪን ላይ የሚታይ የፏፏቴና የአበባ ቪዲዮ ነው። ይህ ከጄነሬቲቭ አርት በምን ይለያል? ልዩነቱስ ለሚያየው ሰው ይታወቃል? ልንሠራው ብንወስን ከምን እንጀምር?»

ምላሽ፦ አቅራቢው ያመጣልዎት ቪዲዮ ነው፤ ባለቤቶቹ የጠየቁት ግን ሌላ ነገር ነው። ቪዲዮ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ያለቀ በመሆኑ የአምስት ደቂቃ ርዝመት ካለው በየአምስት ደቂቃው ከመጀመሪያው ይነሣል። በጄነሬቲቭ አርት ሠዓሊው የሚሠራው ሥዕሉን ሳይሆን ሥዕሉ የሚበቅልበትን ሕግ ነው፤ ሕጉ በኮድ ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩም በሰከንድ 30 ወይም 60 ጊዜ እያሰላ ለዚያች ቅጽበት ብቻ የሆነ ምስል ያወጣል። ልዩነቱ ይታወቃል ወይ ላሉት፣ በሚገባ ይታወቃል፤ ሆኖም ቀድመው የሚያውቁት አንድ ቀን መጥተው የሚሄዱ ጠያቂዎች አይደሉም። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚቀመጡት፣ በሩን የሚጠብቁት፣ ወለሉን የሚያጸዱት ሠራተኞች በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ያንኑ ፏፏቴ 96 ጊዜ ያዩታል። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለስ ታካሚም ቶሎ ይሰለቸዋል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ እንድገመግም ስጠየቅ በመጀመሪያ የማስበው ከሦስት ወር በኋላ ሥራው ለጥበቃ ሠራተኛው ምን ይሆንለታል የሚለውን ነው።

«ከተፈጥሮ የተቀዳ» የሚለው አባባልም መጥራት አለበት። የተፈጥሮን መልክ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ የተፈጥሮን አሠራር መቅዳት ሌላ ነው። በስምጥ ሸለቆ ቆላዎች ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ የወነጨፈ ሰው የግሪሳን መንጋ ያውቃል። በሺዎች የሚቆጠር ወፍ እንደ አንድ ጋቢ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ለሁለት ተሰንጥቆ መልሶ ይገጥማል፤ ከፊት የሚመራ አለቃ ግን የለውም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ክሬግ ሬይኖልድስ በ1986 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመንጋን በረራ በሦስት ሕጎች ብቻ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ቻለ፦ ከጎረቤትህ አትጋጭ፣ ጎረቤቶችህ ወደሚበሩበት ብረር፣ ከመካከላቸው አትራቅ። ለእያንዳንዱ ወፍ እነዚህን ሦስቱን መስጠት ይበቃል፤ የመንጋው ቅርጽ ግን በኮዱ ውስጥ የትም ቦታ አልተጻፈም። ከዓመታት በኋላ የጣሊያን የፊዚክስ ተመራማሪዎች በሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ሰማይ ላይ በክረምት ምሽቶች የሚሰበሰቡ ወፎችን በፎቶግራፍ እየያዙ የእያንዳንዱን ወፍ ቦታ ለኩ፤ አንድ ወፍ የሚከታተለው በዙሪያው ያለውን ሁሉ ሳይሆን በጣም የሚቀርቡትን ስድስት ወይም ሰባት ጎረቤቶች እንደሆነም በ2008 አሳተሙ። ይህ ግኝት ለእኛ ሙያ የቀጥታ ጥቅም አለው። በኮዱ ውስጥ «እስከዚህ ርቀት ድረስ ያሉትን ጎረቤቶች ተከተል» የሚለውን ሕግ «የሚቀርቡህን ሰባት ጎረቤቶች ተከተል» በሚለው ስንተካው መንጋው ቢሳሳ እንኳ ሳይበተን ይቆያል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው በረራም ማሽላ ላይ የሚወርደውን ግሪሳ መምሰል ይጀምራል።

ይህ አስተሳሰብ ለሀገራችን ጥበብ እንግዳ አይደለም። በብራና መጻሕፍት የምዕራፍ መክፈቻ ላይ ከገጹ ራስ ተነሥቶ በግራና በቀኝ ኅዳግ የሚወርደው ጌጥ ስሙ «ሐረግ» ነው። ስሙን ያገኘው ዛፍ ላይ ከሚጠመጠመው ተክል ሲሆን፣ ጌጡ ግን ቅጠል በቅጠል የተሣለ ተክል አይደለም፤ አንዱ ጥብጣብ በሌላው ላይ፣ ቀጥሎ በሥሩ፣ ደግሞ በላዩ የሚያልፍበት ሥርዓት ነው። ሠዓሊው ያንን ሥርዓት ይዞ ገጹ እስከፈቀደለት ድረስ ይጓዛል። የሃንጋሪ ተወላጁ የሥነ ሕይወት ሊቅ አሪስቲድ ሊንደንማየር በ1968 የተክልን እድገት ለመግለጽ ያወጣው ዘዴ ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። ቀላሉን ምሳሌውን በፊደላችን ላሳይዎት። ሁለት ሕጎች አሉን፦ «ሀ» በሚቀጥለው ዙር «ሀለ» ይሆናል፤ «ለ» ደግሞ «ሀ» ይሆናል። ከአንድ «ሀ» ብንነሣ ሀለ፣ ቀጥሎ ሀለሀ፣ ቀጥሎ ሀለሀሀለ፣ ቀጥሎ ሀለሀሀለሀለሀ ይመጣል። ርዝመታቸው 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 ነው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። በሱፍ አበባ ራስ ላይ የሚታዩት ጥምዝ የፍሬ መስመሮችም ቢቆጠሩ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ተከታታይ ቁጥር አንዱ ላይ ያርፋሉ። አሁን ለአንዱ ፊደል «ወደፊት አድግ»፣ ለሌላው «ቅርንጫፍ አውጣ» የሚል ትርጉም ብንሰጠው፣ በየዙሩም በአንግሉ ላይ ጥቂት ልዩነት ብንጨምርበት፣ ግድግዳው ላይ የሚበቅሉት ሁለት ተክሎች የአንድ ዘር ልጆች መሆናቸው ይታወቃል እንጂ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በአጭሩ ልለፋቸው። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በ1952 በተለያየ ፍጥነት የሚሰራጩ ሁለት ኬሚካሎች እርስ በርስ ሲነካኩ ነጠብጣብና ዝንጉርጉር መስመር ሊፈጥሩ እንደሚችሉ በሒሳብ አሳይቷል፤ የአውሬ ቆዳ ወይም የዛጎል ገጽ የሚመስሉ ዲጂታል ሥራዎች በአብዛኛው ከዚያ የተወለዱ ናቸው። አሜሪካዊው ኬን ፐርሊን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ዘዴ ደግሞ ጭስን፣ ደመናንና የውሃን ገጽ የሚመስል ለስላሳ ዝብርቅርቅ ይሰጣል፤ በ1997 የአሜሪካ ፊልም አካዳሚ በቴክኒክ ዘርፍ ሸልሞታል። አቅራቢዎች በየናሙናው የሚያሳዩት ሲፈስ የሚውል ባለብዙ ቀለም ማዕበል ብዙውን ጊዜ ይኸው የፐርሊን ዘዴ ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የትኛውም ከተማ፣ የትኛውም ሕንፃ ውስጥ ቢሰቀል ያው ነው፤ ስለ እርስዎ አዳራሽ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነው ለባለቤቶቹ አጥብቀው እንዲያስረዱልኝ የምፈልገው ነጥብ። በሕዝብ ቦታ የሚቆም ሥራ ሕጉን ከተፈጥሮ ከወሰደ፣ እስትንፋሱን ደግሞ ከቆመበት ቦታ መውሰድ አለበት። ትውልደ ቱርኩ ሠዓሊ ረፊክ አናዶል በ2017 ቦስተን ውስጥ ለአንድ ሕንፃ አዳራሽ የሠራው ሥራ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በ20 ሰከንድ ልዩነት የተመዘገበን የአንድ ዓመት የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ወስዶ ወደ ቀለም እንቅስቃሴ የሚለውጥ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየው ወደ ቤቱ ሲሄድ ፊቱን የሚመታውን የቦስተንን ነፋስ ነው። በካሊፎርኒያ የሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ በ2010 የተሰቀለው የደመና ቅርጽ ደግሞ ስክሪን እንኳ አይደለም፤ አንዴ ግልጽ፣ አንዴ ጭጋጋማ መሆን በሚችሉ ትናንሽ ሰሌዳዎች የተሠራ ሆኖ በልዩ ልዩ የዓለም ከተሞች የአየር ሁኔታ መረጃ መሠረት ይለዋወጣል። መንገደኛው ወደሚሄድበት ሀገር ሳይደርስ የዚያን ሀገር ሰማይ ቀና ብሎ ያያል። ቲምላብ የተባለው የጃፓን ዲጂታል ሠዓሊዎች ቡድን የሚሠራቸው አበቦች ሲያቆጠቁጡ፣ ሲያብቡና ሲረግፉ የሚታዩት በዚያው ሰዓት እየተሰሉ እንጂ አስቀድመው ተቀርጸው አይደለም። ይኸው አናዶል ከኅዳር 2022 እስከ ጥቅምት 2023 በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መግቢያ ያሳየው ግዙፍ ሥራ በሙዚየሙ ስብስብ የሠለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከአዳራሹ ብርሃን፣ ድምፅና እንቅስቃሴ ጋር ያገናኘ ነበር። ለሙዚየም ግሩም ነው፤ ለሕክምና ማዕከል ግን አልመክረውም፤ ያለ ዕረፍት የሚገላበጥ ምስል የምርመራ ውጤት ለሚጠብቅ ሰው ልብ ዕረፍት አይሰጥም።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በ2012 የተሠራው ነው። የጄሰን ብሩጅስ ስቱዲዮ ሕፃናት ወደ ቀዶ ሕክምና በሚወሰዱበት 50 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ኮሪደር ግድግዳ ላይ የጫካ ሥዕል አለበሰ፤ ከዛፎቹ ሥዕል ኋላም 70 የኤልኢዲ ፓነሎች ሸሸገ። ሕፃኑ በአልጋ እየተገፋ ሲያልፍ ከዛፎቹ መካከል ፈረስ፣ አጋዘን፣ ወፍ ወይም እንቁራሪት ብቅ ይላል፣ አብሮት ይራመዳል፣ ይጠፋል። ከቴክኖሎጂው ይልቅ እኔን የገረመኝ የፓነሎቹ ከፍታ ነው። አንዳንዶቹ ለሚድህ ሕፃን ዓይን፣ ሌሎቹ ለሚራመድ፣ ሌሎቹ ደግሞ አልጋ ላይ ለተኛ ሕፃን ዓይን ትክክል ሆነው ነው የተቀመጡት። የብርሃን ነጥቦቹ በመካከላቸው ርቀት ያላቸው በመሆናቸው እንስሳቱ እንደ ፊልም ጥርት ብለው አይታዩም፤ ልጁ ያየውን ነገር በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። እርስዎም ንድፉን ሲሠሩ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1.20 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን አስበው ከሥራው ጥቂቱን ወደዚያ ከፍታ ያውርዱት።

ታዲያ ለአዲስ አበባ አዳራሽ እስትንፋሱ ከየት ይምጣ? ከውጭ የሚገዙ ዝግጁ ሶፍትዌሮች አራት ወቅት ይዘው ይመጣሉ፦ በረዶ ይጥላሉ፣ ቅጠል ያቀላሉ። እኛ ዘንድ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ወቅቱን የሚነግረን ጸሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ አይደለም፤ ዝናቡና ደመናው ነው። የራሳችን አቆጣጠር ዓመቱን ለክረምት፣ ለመፀው፣ ለበጋና ለጸደይ ከፍሎ ያስቀመጠው ስለሆነ እሱኑ የሥራው አጽም ማድረግ ይቻላል። በሕንፃው ጣሪያ ላይ የዝናብ መለኪያ፣ የነፋስ መለኪያና የብርሃን ሴንሰር ይተከል። ክረምት ላይ ውጭ ዝናቡ ሲጠነክር የግድግዳው ሐረግ ሥር ይስደድ፤ መስከረም ሲጠባ ቢጫው ይምጣ፤ ሆኖም በመስከረም 1 ቀን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ዝናቡ እያባራ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይሁን። በጋ ላይ ተክሉ ይመንምን፣ ግድግዳው ባዶነት ይኑርበት። ባለቤቶች ባዶነትን ይፈሩታል፤ የተከፈለበት ስክሪን ሁልጊዜ ሞልቶ እንዲታይ ይፈልጋሉ። በዚህ ነጥብ ላይ እንዳይሸነፉ አደራ እላለሁ፤ በየካቲት ባዶ የነበረውን ግድግዳ ያየ ሠራተኛ ነው የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ያመጣውን የመጀመሪያ ቅጠል ለጓደኛው የሚያሳየው።

ሴንሰር ሲባል ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ይህን የተማርኩት ከራሴ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ በዝናብ የሚነዳ ሥራ ሠርቼ ነበር። መለኪያው ውሃ ሲሞላ የሚገለበጥ ትንሽ ባለሁለት ጎን ማንኪያ ያለው ነው፤ አንድ ጊዜ በተገለበጠ ቁጥር 0.2 ሚሊ ሜትር ይመዘግባል። ሐምሌ መካከል ላይ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ውጭ እየዘነበ ይኼ ግን ደርቋል» ብለው ስልክ አስደወሉልኝ። ጣሪያ ላይ ስወጣ አጠገቡ ካለው ባሕር ዛፍ የረገፈ ቅጠል የመለኪያውን አፍ ደፍኖት አገኘሁ፤ ሥራው ለሦስት ሳምንታት ያህል በክረምት እምብርት ድርቅ ሲያሳይ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ስሠራ እያንዳንዱ መረጃ በሌላ መረጃ እንዲፈተሽ አደርጋለሁ፤ የአየር እርጥበቱ ከፍተኛ ሆኖ የዝናቡ ቁጥር ለቀናት ዜሮ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ መልእክት ይልካል፣ ሥራውም የመጨረሻውን የታመነ ሁኔታ ይዞ ይቆያል። ካሜራን በተመለከተ ደግሞ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ። የሰው እንቅስቃሴን ማወቅ ካስፈለገ የሰውን ሙቀት ብቻ የሚለይ ሴንሰር ይበቃል፤ መልክ አይቀርጽም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ በኋላ ታካሚን በካሜራ መከታተል የሕግ ጉዳይ ጭምር መሆኑን ለባለቤቶቹ ያስታውሷቸው።

ብርሃኑን በሚመለከት ሁለት ሥራዎች ትምህርት ይሰጣሉ። አሜሪካዊው ሊዮ ቪላሪያል በመጋቢት 2013 የሳን ፍራንሲስኮና የኦክላንድን ድልድይ ገመዶች በ25,000 ነጭ ኤልኢዲ መብራቶች አለበሰው፤ የብርሃኑ እንቅስቃሴ በፕሮግራም የሚመራና ራሱን የማይደግም ነበር። ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በመጋቢት 2023፣ መብራቱ ጠፋ፤ ጨዋማው የባሕር አየር፣ ነፋሱና የድልድዩ ንዝረት መሣሪያዎቹን እየበላቸው መጠገን ከአቅም በላይ ሆኖ ነበር። ኮዱ አላረጀም፤ ሽቦውና ማያያዣው ግን አረጀ። ይኸው ሰው በ2019 እና በ2021 መካከል የለንደንን ዘጠኝ ድልድዮች ሲያበራ አስቀድሞ በቴምዝ ወንዝ ዳርቻ ያለው የብርሃን መጠን ተለካ፤ ዓሣዎቹን እንዳይረብሽ ብርሃኑ ውሃው ላይ እንዳይፈስ ተደርጎ ተተከለ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይም ይጠፋል። ከተፈጥሮ የተቀዳ ሥራ የቆመበትን ተፈጥሮ መጉዳት የለበትም፤ የእርስዎ አዳራሽ መስታወት ከሆነና ትይዩ መኖሪያ ቤቶች ካሉ የጎረቤት መኝታ ቤት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እርስዎም ማሰብ ይኖርብዎታል።

ስለ ስክሪኑ ራሱ የምለው ጥቂት ነው። በኤልኢዲ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ስንት ከሆነ ተመልካቹም ቢያንስ ያንኑ ያህል ሜትር ቢርቅ ነጥቦቹ ለዓይን አይለዩም፤ ስለዚህ ከ4 ሜትር ለሚታይ ግድግዳ የ1.5 ሚሊ ሜትር ስክሪን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መለዋወጫ ሞጁሎችን (ስክሪኑ የሚገጣጠምባቸውን ቁራጮች) ከዋናው ጋር በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የምርት ዙር ይግዙ፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ሞጁል ቀለሙ ስለማይገጥም ግድግዳው ላይ እንደ መጣፊያ ይታያል። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ የሚበላው በሚያበራው መጠን ስለሆነ ጥቁር መደብ ያለው ሥራ ከነጭ መደብ ይልቅ የመብራት ወጪ ይቀንሳል፤ ለጄነሬተሩም ይቀለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ ሥራውን ካቆመበት እንዲቀጥል ሆኖ መሠራት አለበት፤ ያደገው ተክል በየመብራቱ መጥፋት ከዘር የሚጀምር ከሆነ ወቅት የሚባለው ነገር ይፈርሳልና። ለዚህም ፕሮግራሙ ያለበትን ሁኔታ በየጥቂት ደቂቃው ዲስክ ላይ ይመዝግብ። በማንኛውም ምክንያት ምስሉ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም እንዳይል በኮዱ ይታገድ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ መቀመጡ አይቀርም። በውሉ ላይ ደግሞ የኮዱ ቅጂ በባለቤቶቹ እጅ እንዲቀመጥና የአምስት ዓመት የጥገና ወጪ ተለይቶ እንዲጻፍ ያድርጉ። ሠዓሊው ሀገር ቢለቅ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ሊጠግነው ይችላል።

ከምን እንጀምር ላሉት መልሴ ስክሪን ሳይገዙ ይጀምሩ የሚል ነው። ኬሲ ሪያስና ቤን ፍራይ በ2001 ለሠዓሊዎች ብለው ያዘጋጁት ፕሮሰሲንግ የተባለው የፕሮግራም መሣሪያ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አንድ ጎበዝ ወጣት ፕሮግራመርና አንድ ሠዓሊ አብረው ከተቀመጡ በሁለት ወር ውስጥ የሐረጉን የመጀመሪያ ረቂቅ ያወጣሉ። ባለቤቶቹ አሁን የሚሠሩበት ክሊኒክ ካለ የመጠበቂያ ክፍሉን አንድ ግድግዳ ነጭ ቀብተው ተራ ፕሮጀክተር ይትከሉና ረቂቁን አሥራ አምስት ቀን ያሂዱት። እርስዎ ጥግ ይዘው ይቀመጡና ስክሪኑን ሳይሆን ሰዎቹን ይመልከቱ፤ ማን ቀና እንደሚል፣ ማን ልጁን ይዞ እንደሚጠጋ፣ ማን ፊቱን እንደሚያዞር ይመዝግቡ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ፕሮጀክተሩን ያጥፉትና የጽዳት ሠራተኞቹ «የት ሄደ?» ብለው ይጠይቁ እንደሆነ ይመልከቱ። ካልጠየቁ ረቂቁ ገና አልደረሰም፤ ከጠየቁ ግን የስክሪኑን ዋጋ ለማስላት ጊዜው ያን ጊዜ ነው።